ከአስፋልቱ የሚታየው የሳሎኔ ግድግዳ

ግንቦት 15 ቀን 1975 ዓ.ም.
ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ

ለተከበሩ ጓድ ስለሺ አድነው
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር

በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የሚለጠፍ

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በስብሰባ ብዛት የሻከረው ጉሮሮዎስ እንደምን አሉ? እኔ ከልጄ ከጽጌረዳ ጋር፣ አንዱ ጎኑ አረንጓዴ ሌላው ሁሉ የጢስ ቀለም በሆነው ሳሎናችን ውስጥ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ትናንት እሑድ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ፣ ሂስ ያለው ሰው በሐሜት መልክ በየጓሮው ከሚያንሾካሹክ ይልቅ በጽሑፍ አድርጎ ያለ ፍርሃት ለግድግዳ ጋዜጣው እንዲያቀርብ ሦስት ጊዜ አሳስበው ነበር። እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት አራተኛ ክፍል ያስተማርሁ ሴት ነኝና ጥያቄ ተጠይቆ እጅ የሚያወጣ ሲጠፋ መቻል አይሆንልኝም። እርስዎም ራስዎ በ1958 ዓ.ም. ከተማሪዎቼ አንዱ ስለነበሩ ይህን ጠባዬን አይረሱትም። እኔም የእርስዎን አልረሳሁም፤ ሒሳብ ስሰጥዎ መልሱን ቀድመው ይጽፉና ስሌቱን በኋላ ይፈልጉለት ነበር። የዕቅድና የውበት ኮሚቴዎ በዚሁ ዘዴ እንደሚሠራ ስመለከት፣ ያስተማርሁት ባይሆንም ከክፍሌ የወጣ መሆኑን አውቄ በትንሹም ቢሆን ኮራሁ።

ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢያን ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ለልጄ ሽማግሌ ተላከ፤ የሠርጉም ቀን ለዘንድሮ ግንቦት 28 ተቆረጠ። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ የሚገባው፣ ዘመድ አዝማድ የሚታጨቀው በዚያችው አራት በሦስት ተኩል ሜትር በሆነች ሳሎን ስለሆነ፣ ቤቱን ከውስጥ ቀለም ለመቀባት ዕቅድ አወጣሁ። ግድግዳዎቹን በክር ለካሁ፣ በሩንና በካርቶን የተደፈነውን መስኮት ቀነስሁ፣ ሠላሳ ስድስት ካሬ ሜትር አገኘሁ። ከዚያ ላይ ደግሞ ሁለት ካሬ ሜትር ቀነስሁ፤ የዚህን ምክንያት ወደ ታች እመለስበታለሁ። የሚያስፈልገው ሁለት ጋሎን ክሬም ቀለም፣ ቀለም የሚያቀጥን ጥቂት አኳራጅ፣ ስንጥቁን የሚደፍን ጀሶና ሁለት የብርጭቆ ወረቀት ነበር። የእጅ ዋጋ በበጀቱ ውስጥ አልገባም፤ ከአስፋልቱ ማዶ ሱቅ ያለው ቀለም ቀቢው ቶለሳ «የጽጌረዳን ቤት በገንዘብ ከቀባሁ ብሩሽ አልያዝኩም በሉኝ» ብሎ ምሎ ነበርና ነው። ለቀሪው ወጪ ዓመት ሙሉ አሮጌ ጫማዬን እያስጠገንሁ ከረምሁ፤ ጫማ ሰፊው አሁን ከዘመድ ይቆጥረኛል።

ቤቱ የቀበሌ፣ ቀለሙም በቀበሌው ሱቅ በእርስዎ ማኅተም ብቻ የሚወጣ ስለሆነ፣ ዕቅዱን በካርቦን ሦስት ኮፒ አድርጌ አቀረብሁ። በአምስተኛው ወር፣ «የቤት ውስጠኛ ክፍል ከመንገድ የማይታይ በመሆኑ በዚህ በጀት ዓመት ቅድሚያ አይሰጠውም» የሚል መልስ ከነማኅተሙ ደረሰኝ። ለዚህ መልስ ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም። እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ሂስ ከግለ ሂስ ይጀምራል ብላችሁ ስላስተማራችሁን ከራሴ እጀምራለሁ። የቤቴን ውስጥ ለማሳመር ማሰቤ ከፍተኛ ስሕተት ነበር። ለዚህ ያበቃኝ በውስጥ የምኖር መሆኔ ነው። የቀበሌያችን አቋም ላዩን ማሳመር፣ ውስጡን ለቄስ እንደሆነ ቀድሜ ብረዳ ኖሮ፣ ክር ይዤ በየግድግዳው ስንጠለጠል ባልተገኘሁ፣ ሦስት ኮፒ ካርቦንም ባላባከንሁ ነበር።

2ኛ/ በያዝነው ወር መጀመሪያ፣ ወደ ሱሉልታ የሚሄዱ የውጭ እንግዶች በአስፋልታችን እንደሚያልፉ በተነገረ ጊዜ፣ ኮሚቴው «ከአስፋልት የሚታይ ማናቸውም ነገር ይቀባ» የሚል ዕቅድ ማውጣቱን ሰማሁ። ሕዝቡም ደስታው ከውጭ እንዲታይ በዕለቱ በሩን ወለል አድርጎ እንዲከፍት ታዘዘ። ዕቅዱ ጥሩ ነበር፤ ለአጥርና ለቆርቆሮ ከአሥር ስምንት እሰጠዋለሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ ጓድ ቦጋለ ግን የዕቅዱን ፊደል አክባሪ ሆኑና፣ በር ከተከፈተ በበሩ ውስጥ የሚታየው ግድግዳም ከአስፋልት የሚታይ ነው ሲሉ ወሰኑ። ሰው ሁሉ ቢስቅም እኔ በዚህ አልስቅም፤ ሐሳቡ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ቤቴ ከአስፋልቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት ያለው የሳሎኔ ግድግዳ ከመንገዱ በደንብ ይታያል።

3ኛ/ ግንቦት 2 ቀን እኔ ትምህርት ቤት፣ ልጄም ሥራ ላይ ሳለን፣ ኮሚቴው ቁልፌን ከጎረቤቴ ተቀብሎ ገባ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ያየው ቶለሳ ነው። ጓድ ቦጋለ ከቶለሳ ሱቅ በርጩማ ተውሰው አስፋልቱ መካከል ላይ አስቀመጡና፣ እንግዳ በመኪና ውስጥ ሲቀመጥ ዓይኑ ያለበትን ከፍታ ለማግኘት ጎንበስ ብለው ተቀመጡበት። አንድ ከባድ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ዞሯቸው ሲያልፍ እንኳ ንቅንቅ አላሉም። ቤት ውስጥ ጠመኔ ይዞ ለቆመው ሠራተኛ ከዚያው ሆነው፣ «ወደ ቀኝ! ትንሽ ወደ ቀኝ! ቁም! በቃ፣ ከዚህ ወዲያ እንግዳ አያይም!» እያሉ ወሰኑን አሰመሩ፤ በውስጡም አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። በርጩማው ከበሩ ትክክል ሳይሆን ወደ ግራ ዘወር ብሎ ስለነበር ቅቡ ተንጋድዷል፤ የደረጃዬ ድንጋይ ስለከለለም ከጉልበት በታች ያለው ሳይቀባ ቀርቷል። ከበርጩማው ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ቤቴ ሙሉ በሙሉ የታደሰ ነው። ችግሩ በርጩማው ለቶለሳ መመለሱ ነው።

እንግዶቹ ግንቦት 4 ቀን በተባለው ሰዓት አለፉ። በሬን ከፍቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ደጃፌ ላይ ቆምሁ። የመጡት በአውቶቡስ ነበር፤ ፀሐይ ስለነበረም የአውቶቡሱ መጋረጃ ሁሉ ተዘግቷል። ይህን ለቅሬታ አልጻፍሁትም፤ እንግዳ የፈለገውን መዝጋት ይችላል።

4ኛ/ ግንቦት 8 ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቤቴ «በማኅበሩ በጀት ከውስጥ ቀለም የተቀባ» ስለሆነ የሁለት ጋሎን ጥያቄዬ መልስ አግኝቶ መዝገቡ መዘጋቱን ይገልጻል። እንኳን ደስ አለዎ። ሠላሳ ስድስት ካሬ ሜትር ግድግዳ በአንዲት የተንጋደደች በር በምታክል ቅብ ጨርሶ መዝገብ መዝጋት፣ እኔ በመምህርነት ዘመኔ ያላየሁት የሒሳብ ችሎታ ነው። ደብዳቤው አያይዞም፣ የተቀባውን መፋቅ የሕዝብ ንብረት ማበላሸት እንደሆነና ሁለተኛው ዙር ቅብ ግንቦት 20 ቀን እንደሚካሄድ አስታውቆኛል።

5ኛ/ እስካሁን የጻፍሁትን በሳቅ ጽፌዋለሁ፤ ይህኛውን ግን ጓድ ሊቀመንበር፣ ትንሽ ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ከዕቅዴ ላይ ሁለት ካሬ ሜትር መቀነሴን ከላይ ጠቅሻለሁ። በሦስቱም ኮፒ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ቦታ አይቀባም» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከፈለጉ መዝገቡን ይክፈቱት። ኮሚቴው ከቤቴ ሁሉ መርጦ የቀባው እኔ እንዳይቀባ የጻፍሁትን ያንኑ ቦታ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ባለቤቴ ግዛቸው፣ ነፍሱን ይማርና፣ አናጢ እንደነበረ ያውቃሉ። ሌላው ሰው የቤቱን ነገር በዳዊት ሽፋን ላይ ሲጽፍ፣ እሱ ከጆሮው ላይ በማትጠፋው የአናጢ እርሳስ በዚያ ግድግዳ ላይ ይጽፍ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ጽፎ ያጠራቀመው አምስት መስመር ብቻ ነው፤ ቃል አያበዛም ነበር። «ነሐሴ 12 ቀን 1951። ጽጌረዳ ተወለደች። ዝናብ ነበር» ይላል አንዱ። «1955። መብራት ገባ። ሠርካዲስ ሌሊቱን ሙሉ አላጠፋም አለች» ይላል ሌላው፤ ሠርካዲስ እኔው ነኝ። «ሐምሌ 1967። ቤቱ የመንግሥት ሆነ። በሩን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ» የሚልም አለ። የመጨረሻውን የጻፈው በ1973 ዓ.ም. ሆስፒታል ሊገባ በዋዜማው ነው፤ «የጽጌረዳ ሠርግ» ብሎ ጽፎ ቀኑን ባዶ ተወው። «ይህን እናንተ ሙሉት» አለን። ከሆስፒታል አልተመለሰም። አምስተኛውን መስመር ለጊዜው አቆየዋለሁ።

ጽጌረዳ አባቷ በሠርጓ ቀን እጇን አይዝላትም፤ ይህን ማንም ዕቅድ አያስተካክለውም። እኔ ያሰብሁት፣ ሙሽራው ከገባ በኋላ በሰው ሁሉ ፊት በአባቷ እርሳስ ያችን ባዶ ቦታ እሷው ራሷ እንድትሞላት ነበር። እርሳሱን አስቀምጬዋለሁ። ግንቦት 2 ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ በሩን ስከፍት አረንጓዴውን አየሁና ደብተሮቼን እንደያዝሁ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ልጄም ከሥራ ስትገባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አብራኝም አለቀሰች። ሰው በቀለም ምክንያት እንዲህ ያለቅሳል ብላችሁ ብትገረሙ አልፈርድባችሁም።

6ኛ/ ነገር ግን ሳይደግስ አይጣላም። በሳምንቱ፣ ግንቦት 10 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ስትገባ ግድግዳው ላይ አንድ «ጽ» ታየኝ። ቀጥሎ «ጌ»። ቶለሳን ጮኼ ጠራሁት። በጥፍሩ ጫን ጫን አድርጎ፣ አሽትቶ፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። «እትዬ ሠርካዲስ፣ ይሄ እኮ ቀለም አይደለም፤ ቀለም ያየው አኳራጅ ነው!» አለኝ። በኋላ እንደተረዳነው፣ ኮሚቴው ለመላው መንገድ የያዘው ቀለም ስላልበቃው በአኳራጅ እያቀጠነ ነው ያዳረሰው፤ ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ቀለሙ ከስም በቀር የቀረው አልነበረም። ግዛቸው ደግሞ እርሳስ ሲይዝ ሳንቃ የሚያሰምር ይመስል ተጭኖ ነበር የሚጽፈው፤ ጽሑፉ ግድግዳው ላይ ተቀርጿል። ስለዚህ አምስቱም መስመሮች ከአረንጓዴው በታች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ያን ዕለት ማታ እኔና ልጄ ያለቀስነውን ያህል ሳቅን፤ ቶለሳም ሱቁን ሳይዘጋ ስለመጣ ሁለት ብሩሽ ጠፋበት።

ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ደብዳቤ በዋናነት የምስጋና ደብዳቤ ነው። ኮሚቴው በበቂ በጀት፣ በተጠና ዕቅድና በወፍራም ቀለም ሠርቶ ቢሆን ኖሮ የባለቤቴ እጅ ጽሑፍ ለዘለዓለም ጠፍቶብኝ ነበር። የዳነው በእናንተ የዕቅድ ጉድለት ነው። ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህችኛዋ ምስጋና ከአንገት በላይ አይደለችም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንቦት 20። ሁለተኛው ዙር ቅብ ከመጣ፣ አዲስ ጋሎን ተከፍቶ መጀመሪያ የሚቀባው የእኔ ግድግዳ ከሆነ፣ ጽሑፉ ዳግመኛ አይወጣም። ሠርጉ ደግሞ ከዚያ ስምንት ቀን በኋላ ነው። በአንድ በኩል ልቤ ይረጋጋል፤ የቦኖ ውሃው ለጥቅምት ታቅዶ፣ ለጥር ተላልፎ፣ ለፋሲካ ቃል ተገብቶለት እስከ ዛሬ እንስራ ይዘን ወደ ቀጨኔ እንደምንወርድ አውቃለሁና፣ ኮሚቴው በዚህ ልማዱ እንዲጸና እጸልያለሁ። በሌላ በኩል ግን ይኸው ኮሚቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ በቀኑ የተገኘው እኔ ቤት ነበርና እፈራለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። ሁለተኛው ዙር እኔን ይለፈኝ። ቶለሳ አረንጓዴውን በጨርቅና በአኳራጅ በቀስታ ጠርጎ የማንሣት ፈቃድ በማኅተም ይሰጠው፤ የሕዝብ ንብረት የሆነውን ቀለም በጨርቁ ላይ እንዳለ አጥፎ ለጽሕፈት ቤትዎ እንደሚያስረክብ ቃል ገብቷል። ሁለቱ ጋሎን ክሬም እስከ ግንቦት 24 ቢፈቀድ ለሠርጉ ይደርቃል። ክሬሙ ቢቀር ግን ይቅር፤ ኖራም ቤት ያደምቃል፣ ማኅተምም አይጠይቅም። ያችን ሁለት ካሬ ሜትር ብቻ ተዉልኝ።

ለሠርጉ እርስዎና ባለቤትዎ ተጠርታችኋል፤ የጥሪ ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በመርፌ ተያይዟል። ጓድ ቦጋለንም ጠርቻለሁ፤ ከቶለሳ ያንኑ በርጩማ ተውሼ ቦታ አዘጋጅቼላቸዋለሁ፣ ከፈለጉ አስፋልቱ ላይ፣ ከፈለጉ ከውስጥ። እስከዚያው ድረስ ጤናና ዕድሜ፣ የሰላ እርሳስና የማያልቅ ማኅተም ቀለም ይስጥልኝ እያልሁ፣ በሚታየውም በማይታየውም ግድግዳዬ ስም እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሠርካዲስ ስብሐት
መምህርት፣ የቀበሌው ነዋሪ፣ የአንድ አረንጓዴ ቅብ ጠባቂ

ማስታወሻ፦ አቆየዋለሁ ያልሁት አምስተኛው መስመር አለ። ከሁሉም ይልቅ ጎልቶ የወጣው እሱ ነው፤ በሩ ሲከፈት ከአስፋልቱ ሳይቀር ሳይነበብ አይቀርም። እንዲህ ይላል፦ «ኅዳር 3 ቀን 1958። የሠርካዲስ ተማሪ ስለሺ በወንጭፍ መስኮታችንን ሰበረ። አለቀሰ። ሳድግ መስተዋቱን አመጣለሁ አለ። አምኜዋለሁ።» ግዛቸው መስተዋት ማስገባት የማያውቅ አናጢ አልነበረም። እኔ በብርድ ስነዘንዘው፣ «ልጁ ቃል ገብቷል፤ ቃሉን አልቀማውም» እያለ በየክረምቱ ካርቶኑን ብቻ ይቀይር ነበር። ካርቶኑን አሁን የምቀይረው እኔ ነኝ። መስኮቱ በጓሮ በኩል ስለሆነ ከአስፋልት እንደማይታይ፣ ዕቅድ ውስጥም እንደማይገባ አውቃለሁ። ግን ስለሺ ልጄ፣ አድገሃል እኮ።